ከቀዶ ጥገናው በኋላ ያለውንም ጠይቁልን

ክቡር አዘጋጅ፣

አዲስ አበባ ውስጥ በቅርቡ በተከፈተ ሆስፒታል የውፍረት ቀዶ ጥገና ስላደረጉ ሰዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ደብረ ብርሃን የምኖር መምህርት ነኝ። እኔም እንደ እነሱ አዲስ በተከፈተ የግል ሆስፒታል ተሠርቶልኛል። ስሙን አልጠቅስም፤ ጉዳዩ የአንድ ሆስፒታል ብቻ አይመስለኝም።

ያነጋገራችኋቸው ሰዎች ያሉት እውነት ነው። ይህን ያህል ኪሎ ቀነስኩ፣ ደረጃ ሳላርፍ ወጣሁ፣ የስኳር መድኃኒቴ ተቀነሰልኝ ብለዋል። በእኔም ላይ ደርሷል። ጉልበቴ ዳግም የራሴ ሆኗል። ግን ሁሉም የአዲስ አበባ ሰዎች ናቸው። ሲያማቸው ታክሲ ይዘው ሐኪማቸው ጋ ይደርሳሉ። እኛ 130 ኪሎ ሜትር ርቀን የምንኖረውስ? ከደብረ ብርሃንም አልፎ መሐል ሜዳ፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት ያለው ሰውስ? ይህን ማንም አልጠየቀም።

ቀዶ ጥገናውን ለመቃወም እንዳልጻፍኩ ይታወቅልኝ። እዚህ አገር «ሆዷን መግዛት አቅቷት ጨጓራዋን አስቆረጠች» የሚል ሰው ሞልቷል። ይሄ ያናድደኛል። ከመጠን ያለፈ ውፍረት በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2022 ከ890 ሚሊዮን የሚበልጡ አዋቂዎች ከዚህ ችግር ጋር ይኖሩ ነበር። ይህ ሁሉ ሕዝብ ሆዳም ነው ማለት አይቻልም። ለዓመታት ምግብ ቀንሼ፣ በእግሬ ሄጄ፣ የቀነስኩት ኪሎ ተመልሶ ሲመጣብኝ የኖርኩ ሰው ነኝ።

የተሠራልኝ ስሊቭ የሚባለው ነው። ከጨጓራ 80 በመቶ ገደማው ተቆርጦ ይወጣል፤ የቀረው ቀጭን ቱቦ ይሆናል። ረሃብ የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የሚባል ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ተቆርጦ ከሚወጣው ክፍል ነው። ለዚህ ነው ሰውየው ቶሎ የሚጠግበው ብቻ ሳይሆን ረሃቡም የሚቀንስለት። የተቆረጠው ግን አይመለስም። ስለዚህ ለሠርግ ቀሚስ ብሎ የሚገባበት ነገር አይደለም። ለማን እንደሚሠራ የሚለየው ኪሎ ከቁመት ጋር ተመዛዝኖ በሚወጣ ቁጥር (ቢ ኤም አይ) ነው። ኪሎን በሜትር ለተለካ ቁመት ሁለቴ ማካፈል ነው ስሌቱ። ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 ሆኖ 100 ኪሎ የምትመዝን ሴት ውጤቷ 39 ይመጣል። እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው መመሪያ 40 እና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ወይም 35 ሆኖ እንደ ስኳርና ደም ግፊት ያለ ሕመም ላለበት ሰው ይላል። በ2022 የዘርፉ ዓለም አቀፍ የሐኪሞች ማኅበራት 35 የሞላውን ሁሉ አካተዋል፤ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ላለበት ደግሞ ከ30 ጀምሮ ይመክራሉ። በፌስቡክና በቲክቶክ የሚለቀቀው ማስታወቂያ ይህን አይናገርም። የሚያሳየው «በፊት» እና «አሁን» የሚል ፎቶ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ቀጠሮ ስንጠብቅ የተዋወቅኳት አንዲት የመንዝ ሴት አለች። ቀዶ ጥገናዋ ደህና ነበር፤ አገሯ ገባች። ከዚያ ማስመለስ ጀመራት። ውኃ እንኳ አልረጋላት አለ። ቅርቧ ያለ ክሊኒክ ሄደች፤ ግሉኮስ ሰቀሉላት። ሻል ሲላት ወደ ቤት፣ ሲብስባት ደግሞ ተመልሳ ግሉኮስ። እንዲህ ሆና ሰነበተች። በኋላ ዓይኗ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ያሳያት ጀመር። ስትራመድ ትንገዳገዳለች። ቤተሰቡ ምግብ ስላጣች ደክሟት ነው አለ። ደብረ ብርሃን ሲያመጧት አንድ ወጣት ሐኪም ምን ዓይነት ኦፕራሲዮን እንደተሠራላት ጠየቀ። ወዲያው ገባው። ቫይታሚን ቢ1 በደም ሥሯ ሰጣት። ዓይኗ ተመለሰ። እግሯን ግን እስከ ዛሬ ይደነዝዛታል።

ለምን እንዲህ እንደሆነች እሱ ነው ያስረዳን። ሰውነት የሚያጠራቅመው ቢ1 ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በላይ አይቆይም። የሚያስመልስ ሰው ቶሎ ይጨርሰዋል። በዚያ ላይ ግሉኮስ ብቻውን ሲሰጥ ሰውነት የቀረችውንም ቢ1 ይጠቀምባታል። ከዚያ አንጎል ይጎዳል። ስለዚህ ቢ1 ከግሉኮሱ በፊት ወይም አብሮ መሰጠት አለበት። የክሊኒኩን ነርስ አልወቅስም። ማንም አልነገራትም። ሴትዮዋ ከሆስፒታል ይዛ የወጣችው ወረቀት የቀዶ ጥገናውን ስም፣ ቀኑንና የሚቀጥለውን ቀጠሮ ብቻ ነው የያዘው። የእኔም እንደዚያው ነው። በአንድ መስመር «ይህች ታካሚ ካስመለሳት ከግሉኮስ በፊት ቢ1 ስጧት» ብሎ መጻፍ ምን ይከብዳል?

ሌላም መጻፍ ያለበት አለ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ትኩሳት ከመጣ፣ ልብ በኃይል ከመታ፣ ሆድ ወይም ግራ ትከሻ ላይ ሕመም ከተሰማ የተሰፋው ቦታ አፍስሶ ሊሆን ይችላል። ይህ እስከ ነገ የሚቆይ ነገር አይደለም። ረጅም መንገድ በመኪና ተቀምጦ መሄድም በዚያ ሰሞን እግር ላይ ደም ያረጋል። እኔ በሚኒባስ መስኮት ጥግ ተጨናንቄ ነው ወደ ቤቴ የተመለስኩት። በየመሐሉ ወርደሽ ተራመጂ ያለኝ አልነበረም። አዲስ አበባ ዘመድ ያለው ሰው ሐኪሙ እስኪያሰናብተው እዚያው ቢቆይ ይሻላል።

የደም ምርመራውም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያው ዓመት በየጥቂት ወሩ፣ ከዚያ በየዓመቱ ብረት፣ ቢ12፣ ቫይታሚን ዲ፣ ካልሲየም ይታያል። ቫይታሚኑ ዕድሜ ልክ ነው። ይህን ከመሠራቴ በፊት ሰምቼዋለሁ፤ ዋጋውን ግን አልሰማሁም። የቀዶ ጥገናውን ክፍያ የሚነግሩ ሰዎች የቫይታሚኑንም ወጪ አብረው ሊነግሩ ይገባል። ገንዘቡን በዕቁብና በብድር አሰባስቦ የሚሄድ ሰው አለ። ሲመለስ የቫይታሚን መግዣ የለውም።

ስለ ምግቡ ትንሽ ላብራራ፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ በጣም ተቸግሬያለሁ። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል ይባላል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ነው ያለው። የተሰጠኝ ዝርዝር ላይ ያሉት ደብረ ብርሃን ገበያ የማይገኙ ነገሮች ነበሩ። ሽሮ የለበትም፣ ምስር የለበትም፣ ባቄላ የለበትም። ጾም የሚል ቃል አንድም ቦታ አልተጻፈም። በዓመት ከግማሽ የማያንሰውን ቀን ለሚጾም ሕዝብ እንዲህ ያለ ወረቀት ምን ይጠቅመዋል? የጾም ምግብ ፕሮቲን አጥቶ አይደለም። ሽሮውም ምስሩም ጥሩ ነው። ችግሩ ጥቂት ማንኪያ ብቻ በሚይዝ ጨጓራ የሚፈለገውን ያህል መብላት አለመቻሉ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ጨነቀኝና የፍስክ ምግብ ስለ መብላት የንስሐ አባቴን አማከርኩ። «ልጄ፣ ይሄ ላንቺ መድኃኒት ነው፤ ሐኪሙ እስኪለቅሽ ውሰጂ» አሉኝ። ከልቤ ሸክም ወረደ። ሆስፒታሉ ይህን ቀድሞ «ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ» ብሎ ቢመክረኝ ኖሮ ያን ያህል ሌሊት በሐሳብ አላድርም ነበር።

የማዕዱ ነገር ደግሞ አለ። እዚህ እንግዳ በትንሽ ምግብ አይሸኝም። «በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ ይህቺን ብቻ» ይባላል። ለእኔ ያቺ አንዲት ጉርሻ ማስመለስ ናት። እምቢ ስል ይከፋቸዋል። በሦስተኛው ወር ገደማ ፀጉሬ መርገፍ ሲጀምርማ ሰፈሩ ሌላ ነገር ጠረጠረ። «ምን ይዟት ነው እንዲህ የከሳችው?» ተባለ። ቶሎ ኪሎ የቀነሰ ሰው ፀጉሩ እንደሚረግፍና አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ እንደሚበቅል አላወቁም። ቤተሰቤ ከእኔ ጋር ተቀምጦ አንድ ጊዜ ቢመከር ኖሮ ግማሹ ጣጣ አይኖርም ነበር።

ሴቶች ከተሠሩ በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር እርግዝና ማቆየት እንዳለባቸውም አይዘንጋ። ኪሎ ሲቀንስ ማርገዝ ይቀላል፤ አማት ደግሞ ልጅ ትጠብቃለች። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚባሉትን የሕመም ማስታገሻዎች በተለይ ባይፓስ የሚባለው፣ ጨጓራን አሳንሶ ከአንጀት ጋር የሚያገናኘው ቀዶ ጥገና የተሠራለት ሰው መሸሽ አለበት፤ ቁስለት ያመጣሉ። አረቄም ከበፊቱ ቶሎ ወደ ደም ይገባል፣ ቶሎ ያሰክራል። አረቄ የአገሬው ነውና ይህን ለወንዶቹ ደጋግሞ መንገር ያስፈልጋል።

ደብረ ብርሃን ሐኪም አጥታ አይደለም። ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። ሐኪም ግዛው ሆስፒታልም አለ። ዩኒቨርሲቲው በታላቁ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ስም የተሰየመ የጤና ሳይንስ ካምፓስ አለው። አዲሶቹ ሆስፒታሎች ለእነዚህ አንድ ደብዳቤና አንድ የሐኪም ስልክ ቁጥር ቢሰጡ ክትትላችን እዚሁ ይሆናል። ለደም ምርመራ ሌሊት ተነስተን መኪና አንጠብቅም። የመንዟም ሴት ያን ሁሉ ጊዜ ግሉኮስ ብቻ አትወስድም ነበር።

እናንተን የምለምነው ይህን ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስለ አዲስ ሆስፒታል ስትጽፉ ኪሎውን ብቻ አትጠይቁ። ከክፍለ ሀገር የመጣው ታካሚ ሌሊት ሲያመው ለማን እንደሚደውል ጠይቁ። ይዞት የሚወጣውን ወረቀት አሳዩን በሏቸው። ከተሠራለት ሁለትና ሦስት ዓመት የሆነውን ሰው ፈልጉ፤ ገና የተሠራለትን ብቻ አትያዙ። ምላሻቸውንም ጻፉልን። ሌላ ጽሑፍ የምታዘጋጁ ከሆነ እኔ ለመናገር ፈቃደኛ ነኝ። የመንዟንም እህቴን ጠይቄያታለሁ፤ ስሟ ካልወጣ እናገራለሁ ብላለች።

አክባሪያችሁ፣
አንባቢያችሁ ከደብረ ብርሃን