«ላይሰንስሽን መልሽላቸው» የሚለው ምክር ይቅር

ለተከበራችሁ አዘጋጅ፣

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂንያ አካባቢ ነርስ ወይም ሲኤንኤ (ረዳት ነርስ) የሌለበት የሐበሻ ቤተሰብ ማግኘት ያስቸግራል። ከእነሱ አንዷ የሙያ ፈቃዱን (ላይሰንሱን) ከሚሰጠው የስቴቱ ነርሲንግ ቦርድ «አቤቱታ ቀርቦብሻል» የሚል ደብዳቤ ሲደርሳት ወዳጅ ዘመድ የሚሰጣት ምክር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ምን አጨቃጨቀሽ፣ ላይሰንሱን መልሽላቸውና ሌላ ሥራ ያዢ»። በቅንነት የሚሰጥ ምክር ነው፤ ጉዳቱ ግን ከባድ ነው።

ምርመራ ከተጀመረ በኋላ ላይሰንስን «በፈቃድ» መመለስ እንደ ቅጣት ይመዘገባል። ቦርዱ ናሽናል ፕራክቲሽነር ዳታ ባንክ ለተባለው የፌዴራል መዝገብ ያሳውቃል፤ ናርሲስ በተባለው ድረ ገጽም ማንኛውም ቀጣሪ ሊያየው ይችላል። የባሰው ከዚያ በኋላ ይመጣል። የፌዴራሉ ጤና መሥሪያ ቤት ዋና ኢንስፔክተር በዚሁ ምክንያት ነርሷን ሜዲኬርና ሜዲኬይድ ከተባሉት የመንግሥት የጤና መድን ፕሮግራሞች ሊያግዳት ይችላል። እገዳው በሽተኛ መንከባከብን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ ክፍያው ከእነዚህ ፕሮግራሞች እስከመጣ ድረስ ቢሊንግም (የሕክምና ሂሳብ መጠየቅ)፣ ኮዲንግም (ሕክምናውን በኮድ መመዝገብ)፣ የሆም ኬር ኤጀንሲ የቢሮ ሥራም ይዘጋል። ላይሰንሱ አንድ ቀን ቢመለስ እንኳ እገዳው በራሱ አይነሳም፤ ለብቻው ማመልከት ያስፈልጋል። የኢንሹራንስ ሽያጭ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰውም ቢሆን «ሌላ የሙያ ላይሰንስህ ተቀጥቶ ያውቃል ወይ?» የሚል ጥያቄ ይጠብቀዋል። ሙያ መቀየር የምትፈልግ ነርስ ብትቀይር መልካም ነው፤ ግን የአቤቱታው ጉዳይ ከተዘጋ በኋላ ይሁን።

ስቴት መቀየርም አያስመልጥም። ሜሪላንድና ቨርጂንያ ባሉበት የላይሰንስ ስምምነት መሠረት የቀድሞው ስቴት የጀመረውን ምርመራ ይጨርሳል። ከጥር 2024 ወዲህ ደግሞ የብዙ ስቴት ላይሰንስ ያላት ነርስ ወደ ሌላ አባል ስቴት ከተዛወረች በ60 ቀን ውስጥ እዚያ ማመልከት አለባት። ቤት የቀየረች ሁሉ አድራሻዋን ለቦርዱ ታሳውቅ። ደብዳቤው ወደ ቀድሞው አፓርታማ ሄዶ፣ ቀጠሮው አልፎ፣ ነርሷ በሌለችበት የሚወሰንበት ጊዜ አለ።

ደብዳቤው እጇ ሲገባ መጀመሪያ የመልስ ቀኑን ትይ። ጊዜው ካጠረ ማራዘሚያ በጽሑፍ ትጠይቅ። ቀጥሎ ጠበቃ፤ ጠበቃ ሲባል ግን ቴሌቪዥን ላይ የሚያስተዋውቀው የመኪና አደጋ ጠበቃ ማለት አይደለም። በዚያው ቦርድ ፊት በላይሰንስ ጉዳይ የቆመ መሆን አለበት። ዜግነት የሌላትና የወንጀል ክስም ያለባት ከሆነች ምንም ነገር ከማመኗ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃም ታማክር። መርማሪው ደውሎ በለሰለሰ ድምፅ «ያንቺንም ወገን ልስማ ብዬ ነው» ቢላት «ከጠበቃዬ ጋር ሆኜ እደውላለሁ» ማለት ይበቃል። የእኛ ሰው ለጨዋነት ሲል እያዳመጠ «የስ፣ የስ» ይላል፤ ያ በመርማሪው ሪፖርት ላይ እንደ ማመን ሊጻፍ ይችላል።

ብዙ ጊዜ ችግር የሚፈጥረው የናርኮቲክ፣ ማለትም ሱስ የሚያስይዝ የሕመም ማስታገሻ፣ ጉዳይ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ትዕዛዙ 5 ሚሊግራም ኦክሲኮዶን ነው እንበል፤ መድኃኒት የሚወጣበት ማሽን ውስጥ ያለው ግን ባለ 10 ነው። ግማሹ ለበሽተኛው ይሰጣል፤ ቀሪው በሌላ ነርስ ፊት ተጥሎ ሁለቱም ይፈርማሉ። በዚያች ሰዓት ሁለተኛ ነርስ አትገኝም፣ ሌላ በሽተኛ ይጣራል፣ መጣሉ ለኋላ ይቀርና ይረሳል። መርማሪው የማሽኑን ሪፖርት፣ የመድኃኒት መስጫ ቅጹንና በሽተኛው ስለ ሕመሙ የተናገረውን ቁጥር ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ሦስቱ ካልገጠሙ ጥርጣሬው ስርቆት ነው። በዚህ ጊዜ ቻርቱን ተመልሶ «ማስተካከል» ነገሩን ያባብሰዋል፤ ሲስተሙ ማን በስንት ደቂቃ እንደከፈተው ይመዘግባል። «ልይ ብዬ ነው» ብሎ መክፈትም ራሱን የቻለ የበሽተኛ ምስጢር ጥሰት ክስ ይሆናል። መድኃኒት ያልነካች ነርስ ከጠበቃዋ ጋር ተማክራ ቶሎ የፀጉር ምርመራ ብታደርግ ይጠቅማታል፤ ወደ ኋላ የሚያሳየው 90 ቀን ያህል ስለሆነ መዘግየት ማስረጃውን ያጠፋል።

የድጋፍ ደብዳቤም እንወዳለን። ነርሷን ከልጅነቷ የሚያውቋት አባት የሚጽፉት ቸርነቷን ይናገራል፤ ቦርዱ የሚፈልገው ግን አብራት ሺፍት የሠራች ቻርጅ ነርስ (የሺፍቱ ኃላፊ)፣ የቀረበውን አቤቱታ አውቃ፣ ስለ መድኃኒት አሰጣጧና ስለ አመዘጋገቧ የጻፈችውን ነው። እንዲህ ያለ ሁለት ደብዳቤ ከሃያው ይበልጣል።

ቦርዱ ኮንሰንት ኦርደር (በስምምነት የሚፈረም የቅጣት ውሳኔ) ከሰጣት ከመፈረሟ በፊት እያንዳንዱን መስመር ከሥራዋ ጋር ታስተያይ። በውሳኔው ውስጥ ያለው ፕሮቤሽን (በቁጥጥር ሥር የመሥራት ጊዜ) የሌሊት ሺፍትን፣ ኤጀንሲንና ሆም ኬርን ሊከለክል፣ ወይም «ሌላ አርኤን (ባለሙሉ ፈቃድ ነርስ) ባለበት ብቻ» ሊል ይችላል። ሆም ኬር ለምትሠራ ነርስ ይህ ሥራ አጥነት ነው፤ ድርድር የሚደረገው ደግሞ ሳይፈረም ነው። በብዙ ስቴቶች የፕሮቤሽኑ ጊዜ የሚቆጠረው በነርስነት ስትሠራ ብቻ ስለሆነ ሌላ ሥራ ይዛ ሁለት ዓመት ብትቆይ ቀኑ ባለበት ቆሞ ይጠብቃታል።

የሆስፒታሉ ኢንሹራንስ ይሸፍነኛል የሚል እምነትም በሰፊው አለ። እሱ ሆስፒታሉ ሲከሰስ ነው፤ በላይሰንስ ጉዳይ ግን ብዙ ጊዜ አቤቱታ አቅራቢው ራሱ ቀጣሪው ነው። በግል የሚገዛው የነርስ ኢንሹራንስ ለተቀጣሪ አርኤን በአብዛኛው በዓመት 200 ዶላር አይሞላም፤ ብዙዎቹ ፖሊሲዎች ለላይሰንስ ጠበቃ የተወሰነ ገንዘብ ይከፍላሉ። መገዛት ያለበት ግን ነገሩ ሳይፈጠር ነው።

እድሮቻችንና የነርስ ማኅበሮቻችን ለቀብር ገንዘብ ማሰባሰብ ያውቁበታል። ከዚያው ላይ ለመጀመሪያው የጠበቃ ምክክር የሚሆን ትንሽ ፈንድ ቢለዩ፣ ስም ሳይጠየቅ የሚደወልበት አንድ ስልክም ቢያዘጋጁ ይቻላል። ነርሷ ከሰው ተሸሽጋ ቤት ዘግታ ከተቀመጠች፣ «ምነው በሞትኩ» ማለት ከጀመረች ደግሞ ጠበቃው ይቆይ፤ ያኔውኑ ራስን ስለማጥፋት ለሚያስቡ ሰዎች ወደተዘጋጀው የእርዳታ መስመር 988 ይደወል፣ ሰውም አብሯት ይደር።

ከአክብሮት ጋር፣
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ