የነነዌ ዋዜማ ሰርግ

የካ አባዶ፣ ግንቦት 2018 ዓ.ም.

አብሮ አደጌ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እማማስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስንት ክረምት ሳንጻጻፍ እንዳለፈ መቁጠሩን ትተን በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ፤ አንቺም ብትሆኚ ሐተታ አትወጂም። ልብወለድ እየጻፍኩ ነው። ሳቂ! አጭር ናት፣ የፍቅር ናት፣ ሽማግሌ ከተላከበት ቀን ጀምራ አንድ ቤተሰብ ሰርጉን ደግሶ መልሱን ሲበላ የምታልቅ። አንብበሽ እንድትፈርጂኝ ነው የምጽፍልሽ።

መነሻዬ እንኳ ንዴት ነው። ካፌ ቁጭ ብለው ማኪያቶ እያማሰሉ የሚተያዩ ፍቅረኞች ሰለቹኝ። እኛ ሰፈር ሰው እንደዚያ አይፋቀርም። ባቡሩ አያት ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲህ ለታክሲ ተሰልፎ፣ ተጋፍቶ ቤቱ የገባ ሰው ለማኪያቶ ብሎ ቦሌ ድረስ አይመለስም። ፍቅሩም እዚሁ ነው፤ ደረጃው ላይ፣ ውሃ ወረፋው ላይ፣ የሰው ድግስ ላይ።

ስለዚህ ሰርግ መረጥኩ። ስጀምረው ግን ሰርግ ቤት ከሙሽሮቹ በቀር ለማንም ፍቅረኛ ቦታ እንደሌለው ገባኝ። ድንኳኑ የተተከለው በሁለት የኮንዶሚኒየም ብሎክ መካከል፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ነው። ግራና ቀኙ እስከ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ነው፤ በየበረንዳው ደግሞ ልብስ የምታሰጣ ሴት አለች፣ የምታሰጣው ልብስ ባይኖራትም። ወጡ የሚሠራው ኮሚናሉ፣ የጋራ ማብሰያው ቤት ውስጥ ነው፤ እዚያ የእድሩ ሴቶች አሉ። የሙሽራዋ ታናሽ እህትና አንደኛ ሚዜው እንግዲህ የት ይነጋገሩ?

በመጨረሻ ቁሌቱ ገላገለኝ። የድግስ ዶሮ ወጥ ሽንኩርት ቅቤ ሳይነካው መጀመሪያ በደረቁ እንደሚበስል ታውቂያለሽ፤ ለአፍታ ከተዉት ይይዛል፣ ከያዘ ድስቱ ሙሉ ተበላሸ ማለት ነው። ሰርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሌሊት ላይ፣ ልጅቷ ትልቁ ብረት ድስት ፊት ቆማለች። ሚዜው የቢራ ሳጥን አውርዶ ቢላ ሊጠይቅ ይገባል። እሷ እንባዋ ዝም ብሎ እየወረደ ማማሰያውን ታቀብለውና «ውሃ ላምጣ፣ እንዳታቋርጥ» ብላው ትወጣለች። ውሃው በፈረቃ ስለሆነ ከሮቶ እስክትቀዳ ትቆያለች። ስትመለስ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ላቡ በአፍንጫው እየወረደ፣ እንደተባለው ሳያቋርጥ ያማስላል። ማማሰያውን አትቀበለውም። አጠገቡ ቆማ ውሃ ጠብ ታደርጋለች፣ በርበሬውን በጭልፋ ትጨምራለች። እሱም ትቶ መሄድ አይችልም፤ ሽንኩርቱ ይይዛላ! «ከሥሩ፣ ከሥሩ» ከማለት በቀር አንድም የፍቅር ቃል አልጻፍኩላቸውም። አንዷ አክስት በር ላይ ብቅ ብላ «ሚዜ ወጥ ሲያማስል ዛሬ አየሁ» ትልና ታልፋለች። ከጻፍኩት ሁሉ የምወደው ይህንን ገጽ ነው፤ ራሷን አሞገሰች ብለሽ ለማንም እንዳታወሪብኝ።

ቀኑ ላይ ደግሞ ትንሽ ተንኮል ሠርቻለሁ። ዘንድሮ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ ገባች፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 9። ከጥምቀት በኋላ ለሰርግ የቀሩት እሑዶች አራት ብቻ ነበሩ፤ አገር ሁሉ በእነሱ ላይ ሲሻማ የኔዎቹ ጥር 24 ደረሳቸው። የነነዌ ዋዜማ! እንግዲህ መልሱ ማክሰኞ ሊሆን ነው፣ ማክሰኞ ደግሞ ጾም ነው። «ማነው ይህን ቀን የቆረጠው?» ብለው ሁለቱ ወገኖች ይቋሰላሉ፣ የነፍስ አባት ይጠራሉ፣ መልሱ ወደ ሐሙስ ይገፋል። የተረፈው ሥጋ ተዘልዝሎ ቋንጣ ሆኖ በረንዳው ላይ ይሰቀላል፤ ድንኳኑም ሳይነቀል ይሰነብታል። ሚዜው ሦስቱንም ቀን ሰበብ አያጣም፤ አንድ ቀን ወንበር ሊቆጥር፣ አንድ ቀን የእድሩን ድስት ሊመልስ ይመጣል። ጨዋታ የሚጀምሩት ያኔ ነው፣ ሽሮ እየበሉ፣ የድግሱ ሰው ተበትኖ ቤቱ ጭር ሲል።

ጠቡ የሚነሳው ከሴት አያቷ በኩል ነው። አንደኛ ሚዜ ለሙሽራዋ ወንድም ሊሆናት ቃል የገባ ነው ይላሉ። ለእሷ ወንድም ከሆነ ለታናሿም ወንድም ነው፤ «እህትና ወንድም ሲጋባ የት አይታችኋል?» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ይቀመጣሉ። አንድ ሕግ የተማረ አጎት የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ የሚዜን ዝምድና እንደማያውቅ ሊያስረዳቸው ይሞክራል። «እኔም ሕግህን አላውቀውም» ይሉታል። እኔ በልቤ ከአያቲቱ ጋር ነኝ። ቃል ቃል ነው። ግን ልጆቹንም ወደድኳቸው፣ ምን ላድርግ?

የቸገረኝ መጨረሻው ነው። በአንዱ ረቂቅ መልሱ ላይ ለጉርሻ ሲጠራ አያቲቱ ሚዜውን «እህትህን አጉርስ» ብለው ያዙታል፤ እሱ እጁ ላይ እንጀራውን ይዞ ይቀራል። በሌላው ደግሞ እሳቸው ራሳቸው ሽማግሌ ላኪ ይሆናሉ። ሁለተኛው ደስ ይላል፣ አንባቢም ይወደዋል፣ ግን እንዴት ልባቸው እንደተመለሰ ገና አላሳመነኝም። ሌላ ሰርግ መጻፍ ደግሞ አልፈልግም፤ ያን ሁሉ ሽንኩርት እንደገና ማን ይልጣል?

ስምም አላወጣሁላቸውም። ይኼ ያንቺ ሥራ ነው፤ መምህራኑን ሁሉ ስም አውጥተሽላቸው አልነበር? አያቲቱ የጎጃም ሰው ናቸውና ንግግራቸውን እማማ ይስሙልኝ፤ እኔ የአዲስ አበባ አፍ አጉርሻቸው ይሆናል። ሲያነቡላቸው ከሳቁ ጥሩ ነው፣ ከተቆጡ የበለጠ ጥሩ ነው።

ረቂቁን በወረቀት አሳትሜዋለሁ፤ የጎረቤቴ ልጅ ቅዳሜ ወደ ባሕር ዳር ስለሚመጣ በእሱ እጅ ይደርስሻል። ጠርዙ ላይ እንደልብሽ ጻፊበት፣ አትራሪልኝ። ሲመለስ መልሰሽ ላኪልኝ፤ በዚያው ትንሽ ደህና በርበሬ ካገኘሽ አትርሺኝ።

እማማን ሳሚልኝ።

የዘወትር ጓደኛሽ