የ121ዱ ሽንፈት ተጠያቂ ማን ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

በቅርቡ በስፖርት ገጻችሁ ስለ ቺካጎ ዋይት ሶክስ የቤዝቦል ቡድን የወጣውን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ቡድኑ በ2024 (እ.ኤ.አ.) የውድድር ዘመን 121 ጊዜ መሸነፉን ይነግሩንና ጥፋቱን በሙሉ ተጫዋቾቹ ላይ ይጥሉታል። ስታዲየም የገባውንም ሰው ገንዘቡን እንደጣለ ሞኝ ቆጥረውታል። ቁጥሩ ትክክል ነው። ፍርዱ ግን ትክክል አይደለም፤ ብዕር ያነሳሁትም ለዚህ ነው።

እዚሁ ቺካጎ፣ በከተማዋ ደቡብ ክፍል፣ አንድ አዛውንትን ቤታቸው እየሄድኩ እረዳለሁ። ከልጅነታቸው ጀምሮ የዋይት ሶክስ ደጋፊ ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ጨዋታውን የሚከታተሉት በሬዲዮ ነው፤ የጨዋታ መመዝገቢያ ወረቀታቸውን የምሞላላቸው እኔ ነኝ። ለማያውቀው አንባቢ፣ ይህ እያንዳንዱ መቺ ተራው ሲደርስ የሆነው ሁሉ የሚጻፍበት ባለሳጥን ወረቀት ነው። ሜዳ ላይ የቆሙት ዘጠኙ ተጫዋቾች እንደ ቦታቸው ከ1 እስከ 9 ቁጥር አላቸው፤ ወርዋሪው 1፣ ከመቺው ኋላ ተንበርክኮ የሚቀልበው 2፣ እንዲህ እየተባለ ይቀጥላል። ኳሷን 6 ቁጥር አንስቶ ለ4፣ 4 ደግሞ ለ3 ወርውረው ሁለት ሰው ካስወጡ 6-4-3 ብዬ እጽፋለሁ። መቺው ሰንዝሮ ስቶ በስትራይክ አውት (ሦስት ጊዜ ኳስ አምልጦት) ከወጣ የላቲኗን ኬ ፊደል አስቀምጣለሁ፤ የመጨረሻዋን ኳስ ሳይሰነዝር ቆሞ ካሳለፋት ያችኑ ፊደል ገልብጬ እጽፋታለሁ። ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጨዋታው ሲያልቅ ከመጀመሪያው ኢኒንግ (ሁለቱም ቡድኖች ተራ በተራ ከሚመቱባቸው ዘጠኝ ዙሮች ከመጀመሪያው) ጀምረሽ አንብቢልኝ ይሉኛል፤ ተሸንፈውም ቢሆን፣ በተለይ ተሸንፈው ከሆነ። ስለዚህ ይህን የውድድር ዘመን የማውቀው ሳጥን በሳጥን ነው።

እስቲ ከመጀመሪያው ቀን ልጀምር። ማርች 28 ቀን ዋይት ሶክስ በሜዳው ዲትሮይት ታይገርስን ገጠመ። ጋሬት ክሮሼ በሜጀር ሊግ (በአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ) ሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨዋታ ከፋች ወርዋሪ ሆኖ ወጣ። 6 ኢኒንግ ወረወረ፣ 8 መቺዎችን በስትራይክ አውት መለሰ፣ የገባበትም 1 ነጥብ ብቻ ነው። ቡድኑ 1 ለ 0 ተሸነፈ። የክሮሼን ሥራ በወረቀቱ ላይ ያየ ሰው ይህ ልጅ መጫወት አይችልም አይልም። ዓመቱ ሲያልቅ 209 ስትራይክ አውት አስመዝግቦ ነበር፤ በስሙ የተጻፈው ግን 6 ድልና 12 ሽንፈት ነው። እንዴት ቢባል፣ ቡድኑ በ162 ጨዋታ ያስገባው 507 ነጥብ ብቻ ነው፤ ከሊጉ 30 ቡድኖች ከሁሉም ያነሰ። ወርዋሪ ነጥብ አያስገባም።

ሜይ 23 ቀን ከባልቲሞር ኦርዮልስ ጋር የተደረገውን ጨዋታ ደግሞ መቼም አልረሳውም። ዋይት ሶክስ 8 ለ 2 እየተመራ ዘጠነኛው ኢኒንግ ገባ። አብዛኛው ሰው ሬዲዮውን የሚዘጋበት ሰዓት ነው። ልጆቹ ግን አንድ በአንድ እያስገቡ 8 ለ 6 አደረሱት፤ ሁለት ሯጭ ቤዝ ላይ (ነጥብ ለማስገባት በየተራ በሚደረስባቸው ማረፊያዎች ላይ) ነበራቸው። ከዚያ መቺው ኳሷን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ሰቀላት። ሯጮች ቤዝ ላይ ሳሉ እንዲህ ያለ ቀላል ኳስ ገና ሳይቀለብ መቺውን ያስወጣል የሚል ደንብ አለና ዳኛው መቺውን አስወጣው፤ ወዲያው ደግሞ በሁለተኛው ቤዝ የነበረው ሯጭ ኳሷን ሊቀልብ የመጣውን ተከላካይ አደናቅፏል ብሎ እሱንም አስወጣ። በአንዲት ኳስ ሁለት ሰው ወጣ፣ ቀድሞ ከወጣው ጋር ሦስት ሞላና ጨዋታው አለቀ። እስክሪብቶዬን ይዤ ምን ብዬ እንደምጽፈው ቸገረኝ፤ አዛውንቱ በቃል እየነገሩኝ ነው ሳጥኑን የሞላሁት። በእናንተ ገጽ ላይ ይህ ጨዋታ ከ121ዱ አንዱ ቁጥር ነው። በዚያ ኢኒንግ የተዋጉት ሰዎች ግን ተስፋ የቆረጡ ሰዎች አልነበሩም።

ከጁላይ 10 እስከ ኦገስት 5 ድረስ በተከታታይ 21 ጊዜ ተሸነፉ። በአሜሪካን ሊግ (ከሜጀር ሊግ ሁለት ክፍሎች በአንዱ) ታሪክ ከዚህ በፊት ይህ የደረሰበት የ1988ቱ ባልቲሞር ብቻ ነው። ስለዚህ ወር ብዙ አልጽፍም፤ ወረቀቶቹን ማንበብ ራሱ ይከብዳል። አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። በዚያው ወር፣ ጁላይ 25 ቀን፣ ዲላን ሲስ የተባለው ወርዋሪ ለሳንዲያጎ ፓድሬስ ተሰልፎ የዋሽንግተንን ቡድን አንድም ሂት (መቺውን ቤዝ የሚያደርስ ምት) ሳያስመታ ጨረሰ። ይህ ሰው የውድድር ዘመኑ ሊከፈት ሁለት ሳምንት እስኪቀረው ድረስ የዋይት ሶክስ ተጫዋች ነበር። በማርች ነው በልዋጭ የሰጡት። ሽንፈቱ ገና እየቀጠለ ሳለ ደግሞ፣ በጁላይ መጨረሻ፣ ኤሪክ ፌዲንም ወደ ሴንት ሉዊስ፣ ማይክል ኮፔክንም ወደ ሎስ አንጀለስ ላኩ። ፌዲ ከኮሪያ ሊግ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የመጣ፣ በዚያ ደካማ ቡድን ውስጥ እንኳ 7 አሸንፎ 4 ብቻ የተሸነፈ ወርዋሪ ነበር። ለተቀሩት ልጆች ምን ተረፈላቸው?

የጋዜጣችሁ ጸሐፊ ሊጠይቁት ይገባ የነበረው ጥያቄ ይህ ነው። ቡድኑ በ2021 93 ጊዜ አሸንፎ የምድቡ አንደኛ ነበር። በ2022 81 አሸንፎ 81 ተሸነፈ። በ2023 ሽንፈቱ 101 ደረሰ። በ2024 121። ይህ በአንድ ክረምት የደረሰ አደጋ አይደለም፤ በሦስት ዓመት ደረጃ በደረጃ የተወረደ ቁልቁለት ነው፤ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይም ውሳኔ የሰጠ ሰው አለ። በኦገስት 2023 የቡድኑን የቤዝቦል ሥራ ለዓመታት የመሩት ኬኒ ዊሊያምስና ሪክ ሃን ተሰናበቱ፤ ቦታው ከዚያው ድርጅት ውስጥ ለነበረው ለክሪስ ጌትዝ ተሰጠ። ኦገስት 8 ቀን 2024 አሰልጣኙ ፔድሮ ግሪፎል 28 ድልና 89 ሽንፈት ላይ ሳለ ተባረረ። ሥራ አስኪያጁም አሰልጣኙም ተቀየሩ፤ በቦታቸው የቆዩት ቡድኑን ከ1981 ጀምሮ የያዙት ባለቤት ጄሪ ራይንስዶርፍ ናቸው። በእሳቸው ዘመን ቡድኑ በ2005 ዋንጫ ማንሳቱን አልክድም፤ አዛውንቱም ያንን ዓመት ሲያነሱ ፊታቸው ይበራል። ነገር ግን የ2005 ምስጋና ለባለቤቱ የሚሰጥ ከሆነ የ2024ም ወቀሳ ለባለቤቱ ይድረስ።

ጸሐፊው ቡድኑን ከ1962ቱ ኒውዮርክ ሜትስ ጋር አነጻጽረውታል፤ የሜትስ የ120 ሽንፈት ክብረ ወሰን ነውና የተሰበረው። ንጽጽሩ ግን ፍትሐዊ አይደለም። ሜትስ በዚያ ዓመት ገና የተፈጠረ፣ ሌሎች ቡድኖች በተዉአቸው ተጫዋቾች የተሞላ አዲስ ቡድን ነበር። ዋይት ሶክስ የአሜሪካን ሊግ በ1901 ሲጀመር የነበረ፣ በ2021 ምድቡን ያሸነፈ ቡድን ነው። እኔ ብጠየቅ ከሜትስ ይልቅ የ1899ኙን የክሊቭላንድ ስፓይደርስን አነሳ ነበር። ያ ቡድን 20 ጊዜ ብቻ አሸንፎ 134 ጊዜ ተሸንፏል። ምክንያቱም ይታወቃል፦ ባለቤቶቹ የሴንት ሉዊስንም ቡድን ገዝተው ስለነበር ጥሩ ጥሩዎቹን ተጫዋቾች ከክሊቭላንድ አንስተው ወደዚያ ወሰዷቸው። ደጋፊው ቀረ፣ ሌሎች ቡድኖችም ወደ ክሊቭላንድ መምጣት ትተው አብዛኛው ጨዋታ በሰው ሜዳ ተደረገ። ያንን ሽንፈት በተጫዋቾቹ ላይ የሚያላክክ ሰው ዛሬ አይገኝም። ዋይት ሶክስ ላይ በትክክል ያ ተደረገ አልልም። ግን ሽንፈት ከሜዳ ውጭ እንደሚሠራ ለማየት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ቤዝቦል ውስጥ መሸነፍ ነውር አይደለም። በ2024 ከሁሉም በላይ ያሸነፈው ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ እንኳ 64 ጊዜ ተሸንፏል። ግማሽ ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ የሚጫወት ሰው ሽንፈትን ተሸክሞ በማግስቱ መሰለፍ አለበት። ትላንት 10 ለ 2 የተሸነፈ ልጅ ዛሬ ከሰዓት በፊት ልምምድ ላይ ነው። ይህን የምለው ላዝንላቸው ብዬ አይደለም፤ ጥሩ ደመወዝ ይከፈላቸዋል፤ ስህተታቸውም ብዙ ነበር፣ በእጄ ነው የጻፍኩት። ኳስ ጥለዋል፤ ቀላሉን ውርወራ አበላሽተዋል። ግን አቅሙ ያልደረሰን ልጅ ከታችኛው ሊግ አምጥቶ ያሰለፈው ራሱ ልጁ አይደለም።

አንዳንድ ሰዎች ደግሞ ሆን ብሎ መሸነፍ ይጠቅማል፣ ከታች የጨረሰ ቡድን ወጣት ተጫዋቾችን ቀድሞ ይመርጣል ይላሉ። ጽሑፋችሁም ይህን በመጽናኛነት ጠቅሶታል። ለዋይት ሶክስ ይህ አይሠራም። በአሁኑ ደንብ ሀብታም ገበያ ያለው ቡድን በተከታታይ ዓመታት የመጀመሪያዎቹን ዕጣዎች ማግኘት አይችልም፤ ስለዚህ ዋይት ሶክስ በ2025 ከ10ኛ በላይ መምረጥ አልተፈቀደለትም። 121 ጊዜ ተሸንፎ 10ኛ! መጽናኛ ብላችሁ ለአንባቢ ያቀረባችሁት ነገር የለም፤ ቢታረም ደስ ይለኛል።

ደጋፊውን በሚመለከት የተጻፈው ከሁሉም በላይ አሳዝኖኛል። በ2024 ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ትኬት ተሸጧል። እነዚህ ሰዎች የሚደረገውን የማያውቁ አይደሉም። ቡድኑ 120ኛ ሽንፈቱን ሴፕቴምበር 22 ቀን ሳንዲያጎ ላይ፣ በሲስ አዲስ ቡድን እጅ ተቀብሎ ወደ ቺካጎ ተመለሰ። ማክሰኞ ዕለት ሎስ አንጀለስ ኤንጀልስን ሲገጥም ሕዝቡ ድምፁን ከፍ አድርጎ ባለቤቱ ቡድኑን እንዲሸጡ ጠየቀ። በሬዲዮው በደንብ ይሰማ ነበር፤ አዛውንቱም ዝም ብለው አዳመጡ። ያ ሕዝብ ጥያቄውን ያቀረበው ለተጫዋቾቹ ሳይሆን ለሚመለከተው ሰው ነው። ከጋዜጣችሁ ይልቅ እነሱ ተጠያቂውን ለይተው አውቀዋል። በዚያው ዓመት ቡድኑ ለአዲስ ስታዲየም ብዙ የሕዝብ ገንዘብ መጠየቁን አንርሳ። በ1991 የተከፈተው የአሁኑ ስታዲየምም የተሠራው በሕዝብ ገንዘብ ነው። ሥራዬ ግብር ይቆረጥበታልና ይህ እኔንም ይመለከተኛል።

በዚያች ማክሰኞ ምሽት ዋይት ሶክስ 2 ለ 0 እየተመራ ስምንተኛው ኢኒንግ ገባ። ዓመቱን ሙሉ ከሰባተኛው ኢኒንግ በኋላ እየተመራ አንድም ጊዜ አሸንፎ አያውቅም። ያን ዕለት 3 ነጥብ አስገብቶ 3 ለ 2 አሸነፈ። በማግስቱ በ10ኛው ኢኒንግ 4 ለ 3፣ ሐሙስ ደግሞ 7 ለ 0። ክብረ ወሰኑ የተሰበረው አርብ ዲትሮይት ላይ 4 ለ 1 ሲሸነፉ ነው፤ ጽሑፋችሁም እዚያው ላይ ቆመ። ዓመቱ ግን እዚያ አልቆመም። ቅዳሜም እሑድም እዚያው ዲትሮይት ላይ፣ ወደ ማጣሪያው ማለፉን ባረጋገጠ ቡድን ሜዳ፣ አሸነፉ። ከመጨረሻዎቹ 6 ጨዋታዎች 5ቱን ነው ያሸነፉት። ምንም የሚያተርፍላቸው ነገር አልነበረም። በጊዜያዊው አሰልጣኝ በግሬዲ ሳይዝሞር ሥር የተሰለፉ፣ ብዙዎቹ በሚቀጥለው ዓመት የት እንደሚሆኑ የማያውቁ ልጆች ናቸው። ይህም መጻፍ ነበረበት።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ከጁላይ 2024 ጀምሮ ክሮሼም በልዋጭ ይሰጣል እየተባለ ይወራ ነበር፤ በዲሴምበር 2024ም ተሰጠ። ማን እንደወሰነው፣ በምትኩም ምን እንዳገኙ በስም ጠቅሳችሁ ጻፉልን፤ የሚቀጥለው ሚያዝያ ደርሶ ሽንፈት መቁጠር ከመጀመራችሁ በፊት።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ከቺካጎ