አባባ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ደህና ነን። ትልቁ ልጅ ድምፁ ጎርንኗል፤ ስልክ ሲያነሳ አባቱ ይመስለኛል። ትንሿ ማንበብ ጀምራለች። ያገኘችውን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብላ ታነባለች፤ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ሳይቀር።

ታናሼ የሆነውን ነገረኝ። የሐኪም ቀጠሮ በኢንተርኔት ሊይዙ ሞክረው፣ ጽፈው ሳይጨርሱ ገጹ አስወጣዎት። እንደገና ገቡ፤ እንደገና አስወጣዎት። ከዚያ «እኔ አርጅቻለሁ፣ ይቅርብኝ» ብለው ስልኩን አስቀመጡት። ቀጠሮውም በዚያው ቀረ።

ይቺን ቃል ሥራ ቦታ ሁልጊዜ እሰማታለሁ። እኛ የምንሠራው ድረ ገጽ ሳያልቅ ሰው እንጠራለን። «እስቲ ቀጠሮ ይያዙ» እንለውና ዝም ብለን እናያለን። መርዳት ክልክል ነው። ጣቱ የቱ ጋ እንዳመነታ፣ የቱን መስመር ደጋግሞ እንዳነበበ እንጽፋለን። ብዙ ሰው መጥራት አያስፈልግም፤ ጃኮብ ኒልሰን የሚባል የሙያው አዋቂ እ.ኤ.አ. በ2000 እንደጻፈው 5 ሰው ከታየ አብዛኛው ችግር ይወጣል። የሚገርመኝ፣ ሰዎቹ ሲያቅታቸው ገጹን አይወቅሱም። «እኔ ነኝ የማላውቀው» ይላሉ። እኛ ዘንድ ይህ ከተባለ ገጹ እንደገና ይሠራል። የሰውየው ጥፋት ተብሎ የሚታለፍ ነገር የለም።

እርስዎን ያስወጣዎት ነገርም መላ አለው። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ጊዜው አልቆ ገጹ ከመዘጋቱ በፊት ሰው ይነገረው ይላል፤ ቢያንስ 20 ሰከንድ ተሰጥቶት በአንድ ቀላል ንክኪ ጊዜውን ያራዝም ይላል። ይህ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ተጽፎ ያለ ነው። የተራ ጽሑፍ ቀለም ከመደቡ ቢያንስ 4.5 ለ1 ይለይ የሚለውም እዚያው አለ። ገጽ ሠሪዎችን ነጭ ላይ ፈዛዛ ግራጫ መጻፍ ያምራቸዋል፤ የሚያምረው ግን ለወጣት ዓይን ነው።

ከባንክ ወጥቼ እዚህች ትንሽ ስቱዲዮ ስገባ «ለቀለም መቀባት ነው ያስተማርኩሽ?» ብለውኝ ነበር። እንግዳ ፊት። ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራዬ አንድ ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። የታናሼን ይጠይቃሉ። እኔን ስለ ልጆቹ ብቻ።

አባባ፣ ይህን ሥራ ያየሁት ከእርስዎ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቢሮዎ ጥግ ተቀምጬ እጠብቅዎ ነበር። ፎርሙ ግራ የገባው ሰው ሲመጣ ከመስኮቱ ኋላ ተነስተው ይወጡ ነበር። አጠገቡ ቁጭ ብለው፣ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ እያነበቡ ይሞሉለታል። ወረፋው ቢያጉረመርምም አይቸኩሉም። ማንበብ አለመቻሉን ሌላ ሰው ሳያውቅበት ይሄዳል። እኔም የምሠራው ይህንኑ ነው። ለማያውቁት ሰው ያን ያህል ትዕግሥት የነበረዎት አባት፣ ለእኔ «ምን እየሠራሽ ነው?» ለማለት ምን አነሰዎት? እስካሁን ያመኛል።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ጥፋቱ የገጹ ነው፤ በዚህ ማንም አያሳምነኝም። ግን ዓይንዎም ደህና አይደለም፣ አባባ። ባለፈው ስመጣ ስልኩን ወደ ጎን አዘንብለው ሲያነቡ አይቻለሁ። ደረጃውን በእግርዎ እየዳሰሱ ሲወርዱም አይቻለሁ። ይህ ግላኮማ የሚሉት የዓይን በሽታ የወሰደውን አይመልስም። ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው። ስለማያምዎት ያቋርጡታል ብዬ እፈራለሁ። ስልክ ላይ ስጠይቅዎ ደግሞ ወሬ ይቀይራሉ።

ቀጠሮውን እኔ እይዛለሁ፤ ታናሼ ይወስድዎታል። የሚስጥር ቁጥርዎን ለጎረቤት አይስጡ። ስመጣ አጠገብዎ ልቀመጥና ስልኩን ሲጠቀሙ ልይ። የጠፋብዎትን ፊደል፣ ያልታየዎትን ቁልፍ ይንገሩኝ። እርስዎን ግን ዝም ብዬ ማየት አልችልም፤ እረዳዎታለሁ።

ይህን ደብዳቤ ፊደሉን አተልቄ ነው ያተምኩት። አሁንም ካነሰዎት ሳይደብቁ ይንገሩኝ። የማታውን ጠብታስ ማን ነው የሚያደርግልዎ? እሱን ዛሬውኑ ደውለው ይንገሩኝ።

ልጅዎ