«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ላሉኝ አባቴ

ለንደን፣ ጥር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ይዞዎታል? የደሴ የጥር ብርድ ምን እንደሚመስል ስለማውቅ ጋቢውን ደርበው እንደሚቀመጡ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ፓሪስ ያለው ልጅዎም ደህና ነው።

ባለፈው እሑድ ስንደዋወል አንድ ነገር ጠይቀውኝ መስመሩ ተቋረጠ። «ፈረንሳዮቹ መንገዱን ሞልተው ሲጮሁ በቴሌቪዥን አያለሁ፤ ያንቺዎቹ እንግሊዞች ግን ድምፃቸው አይሰማም። ፈርተው ነው ወይስ ተመችቷቸው?» ነበር ያሉኝ። ጥያቄዎ ሳምንቱን ሙሉ ከቤት ቤት ስሮጥ አብሮኝ ሲዞር ከረመ። በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ልጽፍልዎት ተቀመጥኩ። ከዚሁ ጋር የተያያዘ፣ እስካሁን ያልነገርኩዎት የራሴ ጉዳይም አለ፤ እደርስበታለሁ። ቀኖቹንና ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልዎት።

መጀመሪያ በዓይኔ ያየሁትን ልንገርዎት። በመጋቢት 2023 ወንድሜን ልጠይቅ ፓሪስ ሄጄ ነበር። ከጣቢያው ወጥተን ወደ ቤቱ ስንሄድ የተቀበለኝ ሽታው ነው። በየደጁ የቆሻሻ ከረጢት ተከምሮ ከሰው ቁመት በልጧል፤ የተቀደደው አፉን ከፍቶ የዓሣ አጥንቱና የበሰበሰው ብርቱካን እግረኛው መንገድ ላይ ፈሷል። ቆሻሻ አንሺዎቹ ሥራ ካቆሙ ሁለት ሳምንት አልፏቸው ነበር። በከተማዋ ወደ 10 ሺህ ቶን ቆሻሻ ሳይነሳ ከርሟል ይባል ነበር። እኔ አፍንጫዬን ይዤ ሳማርር፣ የወንድሜ ጎረቤት የሆኑ አንዲት ባልቴት የራሳቸውን ከረጢት ቀስ አድርገው ክምሩ ላይ አስደገፉና፣ «እነዚህ ሰዎች በ57 ዓመታቸው ጡረታ ይወጡ ነበር፤ አሁን 59 ሊያደርጉባቸው ነው። የሰው ወገብ ስንት ዓመት ይሸከማል?» አሉኝ። ወንድሜ ነው የተረጎመልኝ። ሽታው የሚገባው እሳቸው መስኮት ውስጥ ነው፤ ቁጣቸው ግን መንግሥት ላይ ነበር። እኔ በሠራተኞቹ ስናደድ እሳቸው ስለ ሠራተኞቹ ይናደዱ ነበር። ያን ቀን ያፈርኩት እፍረት እስካሁን አለቀቀኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሬዚዳንት ማክሮን የጡረታ መውጫውን ዕድሜ ከ62 ወደ 64 ሊያሳድጉ ተነሡ። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ኤሊዛቤት ቦርን ምክር ቤቱ ውስጥ ድምፅ እንደማይሞላላቸው ሲያውቁ፣ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 49.3 መዘዙ። ይህ አንቀጽ መንግሥት ሕጉን ድምፅ ሳያሰጥ እንዲያሳልፍ ይፈቅድለታል፤ ማቆም የሚቻለው መንግሥቱን በመጣል ብቻ ነው። የመጣሉ ሙከራም በ9 ድምፅ ከሸፈ። ሕዝቡ ከጡረታው ይልቅ በዚህ ነው የነደደው። «አልጠየቁንም» የሚለው ቃል ከአፋቸው አይወርድም ነበር።

መጋቢት 23፣ ሐሙስ፣ ከባስቲል ወደ ኦፔራ በሚሄደው ሰልፍ ዳር ዳሩን ተከተልን። ልጁን ትከሻው ላይ ያስቀመጠ አባት፣ ገዋን የለበሱ ነርሶች፣ ከበሮ የሚመቱ ተማሪዎች፣ የሠራተኛ ማኅበራቱ ቤት የሚያካክሉ ፊኛዎች፣ በየማዕዘኑ ቋሊማ የሚጠብሱ ሰዎች ጭስ... አባባ፣ የደሴን ጥምቀት ነው ያስታወሰኝ። አያት ከልጅ ልጇ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ መንግሥትን ልትቃወም ትወጣለች! አመሻሽ ላይ ግን ቆሻሻው በእሳት ተያያዘ፣ አስለቃሽ ጭሱም መጣ። ወንድሜ እጄን ጎትቶ በጎን መንገድ አወጣኝ። በዚያ ቀን የሀገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴራቸው ራሱ በመላ አገሪቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ወጥቷል ብሎ አመነ፤ ሴዤቴ የሚባለው የሠራተኞች ማኅበር 3.5 ሚሊዮን ነው አለ። በማግስቱ የእኛው ንጉሥ ቻርልስ በዚያው ሰሞን ሊያደርጉት የነበረው የፈረንሳይ ጉብኝት ተራዘመ ተባለ። የእንግሊዙን ንጉሥ መንገድ የፈረንሳይ ሠራተኛ ዘጋው።

ለንደን ተመልሼ፣ በየቤታቸው እየዞርኩ ከማስታምማቸው አረጋውያን አንዷ ለሆኑት እናት ይህን ሳጫውታቸው ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «የእኛ 66 የገባው መቼ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ማንም አላስታወሰውም ነበር። እዚህ የሴቶች የጡረታ ዕድሜ ከ60 ተነሥቶ እስከ 2020 ድረስ 66 ሲደርስ፣ በዚህ ዓመት ደግሞ ወደ 67 ማደግ ሲጀምር፣ አንድም የቆሻሻ ከረጢት ሳይነሳ አልቀረም። በ1950ዎቹ የተወለዱ ሴቶች በቂ ማስታወቂያ አልተሰጠንም ብለው ለዓመታት ሲከራከሩ ቆይተዋል፤ የሕዝብ እንባ ጠባቂውም በ2024 ካሳ ይገባቸዋል አለ፤ መንግሥት ግን በዚያው ዓመት መጨረሻ አልከፍልም አለ። እና የእርስዎ ጥያቄ ልክ ይመስላል።

ፈረንሳዮቹ በዚህ ልምድ አላቸው። በ1995 ባቡሩም ሜትሮውም ለሦስት ሳምንት ቆሞ የጠቅላይ ሚኒስትር ዡፔ መንግሥት የጡረታ ዕቅዱን አነሳ። በ2006 ወጣቶችን ያለ ምክንያት ማባረር የሚፈቅድ ሕግ ከጸደቀ በኋላ እንኳ በተማሪዎች ሰልፍ ተሰረዘ። በ2018 የነዳጅ ግብር ሲጨመር፣ እያንዳንዱ መኪና ውስጥ በሕግ መኖር ያለበትን ቢጫ ሰደርያ ለብሰው የገጠር ሰዎች አደባባዮቹን ያዙ፤ ግብሩም ቀረ። ግን ዋጋ ከፍለዋል። በዚያ በቢጫ ሰደርያው ጊዜ ፖሊስ በሚተኩሰው የጎማ ጥይት ከ20 በላይ ሰዎች ዓይናቸው ጠፍቷል። ቴሌቪዥኑ ሰልፉን ያሳይዎታል፤ እነሱን ግን አያሳይዎትም።

ሁልጊዜም አያሸንፉም። ያ እኔ ያየሁት ሁሉ ሰው እየጮኸ የሕገ መንግሥት ምክር ቤታቸው ሕጉን በሚያዝያ አጸደቀው፤ ማክሮንም በዚያው ሌሊት ፈረሙ። ጩኸቱ ግን አልሞተም። ባለፈው ጥቅምት ጠቅላይ ሚኒስትር ሴባስቲያን ለኮርኑ መንግሥታቸው እንዳይወድቅ ብለው ሕጉ እስከሚቀጥለው የፕሬዚዳንት ምርጫ ድረስ እንዲታገድ ሐሳብ አቀረቡ። ወንድሜ ዜናውን እንደሰማ ደወለልኝና «ባልቴቷ ደረጃው ላይ አቅፈው ሳሙኝ» አለኝ።

እንግሊዞቹን ወደማውቅበት ልምጣ። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉልኝ፤ በማኅበር የታቀፈው ሠራተኛ የሚበዛው እዚህ ነው። በፈረንሳይ ከአሥር አንድ ያህል ነው፤ እዚህ ከአምስት አንድ ይበልጣል። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። በፈረንሳይ ሥራ ማቆም በ1946ቱ የሕገ መንግሥት መግቢያ የተጻፈ የእያንዳንዱ ሰው መብት ነው። እዚህ ማኅበሩ በፖስታ ድምፅ ማሰጠት፣ ቀድሞ ማስታወቅ አለበት፤ ለሌላ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ አዝኖ ሥራ ማቆም ክልክል ነው። የማዕድን ሠራተኞቹ በ1984 ተነሥተው ዓመት ሙሉ ታግለው ከተሸነፉ ወዲህ ብዙው ሰው ወኔው ተሰብሯል፤ እኔ እንደዚያ ነው የማየው።

ታዲያ እንግሊዝ የት ነው የሚጮኸው? ወረቀት ላይ ነው፣ አባባ። የማስታምማቸው እናት 88 ዓመታቸው ነው። በ2024 መንግሥት ለክረምት ማሞቂያ የሚሰጠውን ገንዘብ ከወደ አሥር ሚሊዮን ጡረተኞች ሲነጥቅ፣ እሳቸው ካፖርት ለብሰው በሙቅ ውኃ የተሞላ ጎማ አቅፈው ይቀመጡ ጀመር። አንድ ጠዋት ስደርስ ቁርሳቸውን ገፍተው ለፓርላማ ተመራጫቸው ደብዳቤ እየጻፉ አገኘኋቸው። በቀለም ብዕር ነው፤ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ሰማያዊው ቀለም ይዝረከረካል። ሦስቴ ቀደው እንደገና ጻፉ። ቁጣ የለበትም፤ የክፍላቸውን ሙቀት በቀን በቀኑ፣ የጋዙን ሒሳብ በሳንቲም በሳንቲሙ ዘርዝረው ነበር። መልስ መጣ፣ አልወደዱትም፣ እንደገና ጻፉ። አራት ጊዜ። እንደሳቸው የጻፈው ስንት ሰው እንደሆነ እንጃ፤ ገዢው ፓርቲ በግንቦት 2025 የአካባቢ ምርጫ ክፉኛ ተመታና በሰኔ መንግሥት ውሳኔውን አጥፎ ገቢያቸው ከ35 ሺህ ፓውንድ ለማይበልጥ ሁሉ መለሰ። እሳቸው የተመራጩን ደብዳቤዎች በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ቁልል አድርገው አስቀምጠዋቸዋል።

እሳቸውም ሰልፍ ወጥተው ያውቃሉ። የካቲት 15 ቀን 2003 የኢራቅን ጦርነት ለመቃወም በለንደን ከወጣው ሕዝብ መሐል ነበሩ፤ ፖሊስ እንኳ 750 ሺህ ሰው ብሎ ቆጥሮታል። «እግሬ እስኪደነዝዝ ሄድኩ፤ ቶኒ ብሌር በወሩ ጦሩን ላኩ» አሉኝ። ሰው ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ መውጣት ምን ይሠራል ማለቱ አይፈረድበትም። መንገዱ የሠራበት ጊዜም ግን ነበር። በ1990 ማርጋሬት ታቸር ሀብታሙንም ድሃውንም እኩል የሚያስከፍል የነፍስ ወከፍ ግብር ሲጥሉ ሚሊዮኖች አንከፍልም አሉ፣ ትራፋልጋር አደባባይ ተረበሸ፤ ታቸርም በዓመቱ መጨረሻ ከሥልጣን ወረዱ።

እኔን ልቤን የሚነካኝ ግን የፖስታ ቤቶቹ ጉዳይ ነው። የሒሳብ ኮምፒውተሩ ስሕተት እየሠራ፣ ገንዘብ ሰረቃችሁ ተብለው ከ1999 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ከ900 በላይ የአነስተኛ ፖስታ ቤት ኃላፊዎች ተፈረደባቸው። ነፍሰ ጡር ሆና ወህኒ የወረደች አለች። ራሳቸውን ያጠፉ አሉ። አለን ቤትስ የሚባሉ ሰው ሱቃቸውን ተነጥቀው፣ እንደሳቸው የተበደሉትን አንድ በአንድ ፈልገው፣ 555 ሰው ሆነው ከሰሱ፤ በ2019 ፍርድ ቤት ረቱ። በ2024 መጀመሪያ ታሪኩ በቴሌቪዥን ድራማ ሲታይ አገሩ ሁሉ አለቀሰ፤ በዚያው ዓመት ፍርዱን የሚሰርዝ ሕግ ወጣ። የሰውዬው ጽናት ያስደንቀኛል። ግን አባባ፣ ሃያ ዓመት! ስማቸው ሳይጠራ የሞቱት ምን ይባላሉ? ፈረንሳይ ቢሆን ጎረቤቱ በሳምንቱ ፖስታ ቤቱን ይከብበው ነበር ብዬ አስባለሁ። እንግሊዞችን ፈሪ አልላቸውም፤ መንግሥታቸውን ግን ከሚገባው በላይ ያምኑታል።

ቦሌ ላይ ሲሸኙኝ «አንገትሽን ደፍተሽ ሥሪ፤ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ያሉኝን አልረሳሁም። በመስከረም 2019 ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን ፓርላማውን ለአምስት ሳምንት ሲያዘጉት፣ ጉያና የተወለደች ጂና ሚለር የምትባል ሴት ከሰሰቻቸው። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 11 ዳኞች ባንድ ድምፅ «ሕገ ወጥ ነው» አሉ፤ ፓርላማው በማግስቱ ተከፈተ። ንጉሣቸው እንደ እኛው ተረት አይከሰሱም፤ በስማቸው የሚያዘው ግን ይከሰሳል። ያን ቀን ዜናውን አውቶቡስ ውስጥ በስልኬ እያየሁ እርስዎ ነበሩ ትዝ ያሉኝ።

አሁን ያልነገርኩዎትን ልንገርዎት። በቀን ስድስት ሰባት ቤት እዞራለሁ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በአውቶቡስ የምሄድበት ሰዓት ግን አይከፈለኝም። ከጧቱ አንድ ሰዓት ወጥቼ ማታ ሁለት ሰዓት ስገባ የሚከፈለኝ የስምንት ሰዓት ነው። ለኃላፊዎቹ ተናግረን መልስ አጣን። አብራኝ የምትሠራ የዚምባብዌ ልጅ ቪዛዋ በድርጅቱ ስም ስለሆነ፣ ካባረሯት በ60 ቀን ውስጥ ሌላ ቀጣሪ ካላገኘች ትወጣለች። «አንቺ ዜግነት አለሽ፤ ስለ እኔም ተናገሪ» አለችኝ። ያቺ ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ።

ተመራጮቹ በየሰፈሩ ሕዝብ የሚያነጋግሩበት ቀን አላቸው። በኅዳር አንድ ቅዳሜ ከአንዲት ጋናዊት ጋር ሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ሄድን፣ በፕላስቲክ ወንበር ተሰልፈን ጠበቅን። ከፊታችን የነበሩት ሰውዬ ስለ ተሰበረ የመንገድ መብራት ነበር የመጡት። ተራዬ ሲደርስ የደመወዝ ወረቀቶቼን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ፤ እጄ ተንቀጠቀጠ። እርስዎን ያየሁ መሰለኝ፤ በር በተንኳኳ ቁጥር የሚዘጉትን ሬዲዮ። ተመራጯ አንድ ወረቀት አነሳችና «ይህ መሐል ያለው ሰዓት የት ሄደ?» አለችኝ። «አውቶቡስ ውስጥ» አልኳት። ጻፈችው። ለድርጅቱ ደብዳቤ ልካለች፤ መልስ ገና ነው። ሰኞ ሥራ ስገባ ማንም ምንም አላለኝም። የሥራ ፕሮግራሜ እንደነበረ ነው፤ በሬንም ያንኳኳ የለም። የሠራተኛ ማኅበሩንም ፎርም ሞልቻለሁ።

አይቆጡኝ። ምክርዎን የናቅሁ አይምሰልዎት፤ ከምን እንደመጣ አውቃለሁ። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 1966 ባለታክሲው በቤንዚን፣ እናንተ መምህራኑ ሴክተር ሪቪው በተባለው የትምህርት ዕቅድ ሥራ ስታቆሙ እርስዎ የ24 ዓመት ልጅ ነበሩ። ከዚያ በኋላ የመጣውን እርስዎ ስለማያነሱት እኔም አልጽፈውም። ግን እማዬ አንድ ጊዜ «አባትሽ ያኔ ከፊት ነበር፤ በእጁ የያዘውን ጽሑፍ ራሱ ነው የጻፈው» ብላኝ ነበር። ምን ብለው ጽፈው እንደነበር አልነገረችኝም። እሑድ ስደውል፣ መስመሩ ካልተቆረጠ፣ ያን ይንገሩኝ።

የጉልበትዎን ቅባት በወንድሜ ጓደኛ እጅ ልኬያለሁ፤ ማታ ማታ ይቀቡት።

ናፋቂዎ ልጅዎ