ዘይቤውን ስም ሰጥቶ ማለፍ አይበቃም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ ‹‹የዛሬ ልጆች ግጥም አይገባቸውም›› የሚል አስተያየት አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ አማርኛ አስተምራለሁ። ልጆቹ ይገባቸዋል። የተበላሸው የምንጠይቃቸው ጥያቄ ነው።

ፈተና ላይ ‹‹ሐዘን ቤቴ ገብቶ እግሩን ዘረጋ›› ዓይነት ስንኝ ይቀርብና ‹‹ዘይቤው ምንድን ነው?›› ይባላል። ምርጫዎቹ ተነጻጻሪ፣ ተለዋጭ፣ ሰውኛ፣ ግነት ናቸው። ተማሪው ሰው ያልሆነውን እንደ ሰው የሚያደርገውን ሰውኛን ያከብባል፣ ነጥቡን ያገኛል፣ አለቀ። ሐዘን ለምን እግሩን ዘረጋ? ለምን በር ላይ ቆሞ አልተመለሰም? ይህን የሚጠይቅ የለም። እኔ ክፍል ውስጥ ስጠይቅ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ‹‹እግሩን የዘረጋ እንግዳማ ቶሎ አይሄድም!›› አለች። በቃ፣ ግጥሙ ገባት። የዘይቤው ስም ቢጠፋት እንኳ ምንም አይጎድልባትም።

ሌላም ችግር አለ። ዘይቤው የተመሠረተበትን ነገር ያላየ ሰው ግማሹ ያመልጠዋል። ለቅሶ ላይ ‹‹ምሰሶዬ!›› ሲባል ያልሰማ የለም። ጎጆ ቤት ያደገ ልጅ ምሰሶው መሐል ቆሞ ጣራውን እንደሚሸከም ያውቃል። ኮንዶሚኒየም ያደገው ግን ‹‹ጠንካራ ሰው ማለት ነው›› ብሎ ያልፋል። አልቃሿ የምትለው ከዚያ ይከፋል። ግድግዳው ዙሪያውን ቆሞ እያለ ጣራው በላያችን ተደፋ ነው የምትለው። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ ጎጆ እስልላቸዋለሁ። ጊዜ ይበላል፤ ይብላ።

የቅኔ መምህራን ይህን ከጥንት ያውቁታል። በጎጃሞቹ የቅኔ ትምህርት ቤቶች፣ በዋሸራም ሆነ በጎንጅ፣ ተማሪው ባለ ሁለት ስንኝ ከሆነችው አጭር ቅኔ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ራሱ ቅኔ እየቆጠረ፣ ማለትም እየፈጠረ፣ ለየኔታ እየነገረ፣ እየታረመ ነው የሚማረው። ሰሙንና ወርቁን ራሱ ሠርቶ ያውቃቸዋል። እኛ አንዲት ስንኝ ሳናስጽፍ የዘይቤ ስም እናሸመድዳለን። ይህ ከልቤ ያናድደኛል።

እናንተን የምለምነው አንድ ነገር ነው። የባህል ዓምዳችሁ ላይ በየሳምንቱ አንድ አጭር ግጥም አውጡልን። ከሥሩም ‹‹ገጣሚው ለምን እንዲህ አለ?›› ብላችሁ ጠይቁ። የተማሪዎቼን መልስ ሰብስቤ እልክላችኋለሁ። በእጅ የተጻፈም ቢሆን ተቀበሏቸው፤ ብዙዎቹ ኮምፒዩተር የላቸውም።

አክባሪያችሁ
የአማርኛ መምህርት፣ ከደብረ ማርቆስ