ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለዚያ ዋንዛ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የድሬ ሙቀት ያው እንደምታውቂው ነው። እናትሽ አሁንም ፍራሿን ግቢ አውጥታ ነው የምትተኛው።

አልጋው ሐሙስ በአይሱዙ ይደርስሻል። ለሾፌሩ ከፍያለሁ፤ ሁለተኛ እንዳትከፍዪ። ተፈታቶ ነው የተጫነው። 8 ቡሎን አለው፣ በጨርቅ ቋጥሬ መሳቢያው ውስጥ አድርጌዋለሁ። የ13 ቁልፍ ከጎረቤት ተዋሺ።

እንጨቱ ዋንዛ ነው። የ7 ዓመት ልጅ ሳለሽ ቃል የገባሁልሽ አልጋም የዋንዛ ነበር። «እንጨቱ የት ሄደ?» ስትዪኝ «ተሸጠ» አልኩሽ። ስንት ቀን አኩርፈሽኝ ነበር። አንቺ ረስተሽው ይሆናል፣ እኔ ግን አልረሳሁም። አልተሸጠም ልጄ።

ያን ጊዜ ዋንዛ እንደ ዛሬው ብርቅ አልነበረም፤ ርካሽም ግን አልነበረም። ጣውላውን ገንዘብ ባገኘሁ ቁጥር አንድ አንድ እያልኩ ነው የገዛሁት። ጣራው ሥር ደረደርኩት፤ ነፋስ እንዲያገኘው በየመሃሉ ቀጫጭን እንጨት ጣልኩበት። ያልደረቀ እንጨት የድሬን ሙቀት አይችልም፣ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል። አንድ ዓመት ሙሉ ጠበቅኩት። መስከረም ላይ ልጀምርልሽ ነበር።

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ በሌሊት፣ የደቻቱ ወንዝ ሞላ። አንቺ የምታውቂው ደቻቱ ደረቅ አሸዋ ነው። ከላይ ከተራራው የዘነበው ዝናብ ሰው በተኛበት ደረሰ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። እኛ ቤታችን ከፍ ያለ ቦታ ስለነበር ተረፍን። ሲነጋ አንድ ሰው በር አንኳኳ። የሬሳ ሳጥን ፈልጎ ነው።

ለሳጥን ባሕር ዛፍ ይበቃል። በዋንዛ የሬሳ ሳጥን የሚሠራ አናጢ አላየሁም። ግን እንጨት መሸጫው ተዘግቷል፣ ሰውየው ደጄ ላይ ቆሟል። «ቁመቱ ስንት ይሁን?» አልኩት። መናገር አቅቶት በእጁ አሳየኝ። ያሳየኝ ያንቺን ቁመት ነው።

መሰላል አምጥቼ ጣውላውን ማውረድ ጀመርኩ።

ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት ሠራሁ። ያን ጣፋጭ ሙሽበክ ይገዙልሽ የነበሩት ሽማግሌ ጎረቤታችን መጥተው ጣውላ ሲይዙልኝ አደሩ። እሳቸው ሙስሊም ናቸው፤ በእነሱ ዘንድ ሰው በሳጥን አይቀበርም። «አንተ ቁረጥ፣ እኔ እይዛለሁ» አሉኝ። ከዚያ ሌላ እስኪነጋ ቃል አልወጣቸውም።

አንድ ነገር ደግሞ ልናዘዝልሽ። ከማንም ገንዘብ አልተቀበልኩም፣ ከአንዱ በቀር። ሰውየው ኪሴ ከተተልኝ፣ እኔም አልመለስኩለትም። ያንቺን ደብተርና ዩኒፎርም ገዛሁበት። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። «ሠርተህ ያገኘኸው ነው» አሉኝ። ልቤ እሺ አላለም። ታኅሣሥ 19 ለገብርኤል ቁልቢ ስወጣ ያንኑ ያህል ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ከተትኩ። አሁንም እሺ አላለም።

ታዲያ ለምን «ተሸጠ» አልኩሽ? ልጅ ነበርሽ። አልጋሽ የሬሳ ሳጥን ሆነ ብዬ እንዴት ልንገርሽ? ካደግሽ በኋላ ደግሞ ዝም ማለቱን ለመድኩት። ሐምሌ 26 የአናጢው የዮሴፍ ዕረፍት ነው፤ በዚያ ቀን መጋዝ እንደማልነካ ታውቂያለሽ። ወንጌሉን ብታገላብጪ ዮሴፍ ሲናገር አንድም ቦታ አታገኚም። መልአኩ በሕልም ይነግረዋል፣ ተነሥቶ ያደርጋል፣ አለቀ። የአገሩ ሰዎች ጌታን «ይህ የጸራቢ ልጅ አይደለምን?» ሲሉት ለንቀት ነበር፤ እኔ ግን ያቺን ቃል ሳነብ ደስ ይለኛል። 19 ዓመት ሙሉ «ዝምታውን ከዮሴፍ ወረስኩት» እያልኩ ራሴን ሳታልል ኖርኩ። እሱ ግን ዝም አለ እንጂ አልዋሸም።

ይሄኛው ዋንዛ እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ከፈረሰ አሮጌ ቤት በር የተገኘ ነው። ዛሬ ገበያው ሁሉ ኤምዲኤፍ የሚሉት የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ሆኗል፤ ውሃ ሲነካው እንደ ተነከረ ዳቦ የሚያብጥ ነገር። ከራስጌው በስተግራ የማጠፊያ ቀዳዳ ነበረበት። ደፍኜዋለሁ፤ ቀለሙ ግን ትንሽ ይለያል። እናትሽ «ቅባው» አለችኝ፣ እኔ ተውኩት።

አዲስ አበባ እንደ ድሬ አይደለም። ክረምት ሲገባ እንጨቱ እርጥበት ይጠጣና መሳቢያው አልወጣ ይልሻል። አናጢ ጠርተሽ እንዳታስልጊው። ጥቅምት ላይ ራሱ ይለቃል። እስከዚያ ጠርዙን ሻማ እሺው።

አባትሽ
ድሬዳዋ